ተቀድቷል፣ ግን አይከፈትም

ሪሲቨራችሁን አንዴ አዙራችሁ እዩት። ከፊቱ ወይም ከጀርባው ፍላሽ የሚሰካባት አንዲት ጠፍጣፋ ቀዳዳ አለችው። በብዙ ቤት አቧራ ከመሰብሰብ በቀር ሥራ የላትም። በአንዳንድ ቤት ግን ፍላሽ ተሰክቶባት፣ ሪሞቱ ላይ ያለችው ቀይ ነጥብ ተጭና፣ ከሥራ ለሚያመሽ ሰው ያመለጠው ድራማ፣ ለልጆች የቅዳሜ ጠዋት ፕሮግራማቸው፣ ለእናት የበዓል ዝግጅቱ ይቀዳባታል። እዚያው ቤት፣ በዚያው ሪሲቨር እስከታየ ድረስ ሁሉም ነገር ሰላም ነው። ጣጣው የሚመጣው ፍላሹን ነቅላችሁ ላፕቶፕ ወይም የዘመድ ቴሌቪዥን ላይ የሰካችሁ ቀን ነው። ፋይሉ አለ፤ መጠኑም ሁለት ጊጋባይት ገደማ መሆኑ ይታያል። ሲከፈት ግን ጥቁር መስኮት፣ ወይም «ይህን ፋይል ማጫወት አልተቻለም» የምትል ደረቅ ዓረፍተ ነገር።

ሰፈራችሁ ያለው ኮምፒውተር ቤት ጎራ ብትሉ መልሱን እነግራችኋለሁ። «ቫይረስ በልቶታል፣ ፎርማት ይደረግ።» እባካችሁ አታስደርጉ። አብዛኛውን ጊዜ ቫይረስ የለበትም፣ ፋይሉም አልተበላሸም። ፋይሉ ጤነኛ ነው፤ የተቆለፈ ነው እንጂ። ወይም ጭራሽ ሳይቆለፍ እናንተ የከፈታችሁበት መሣሪያ ቋንቋውን አልቻለውም። ሁለቱ የሰማይና የምድር ያህል ይለያያሉ፣ መፍትሔያቸውም እንደዚያው።

ድሮ ይህ ጥያቄ አልነበረም። ኢትዮጵያ ቴሌቪዥን በ1957 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ከብዙ ዓመት በኋላ ቪዲዮ ዴክ ቤታችን ሲገባ፣ ካሴቱ የማንም ታማኝ አልነበረም። እዚህ ቤት የተቀዳ ጎረቤት ቤት ይታያል፤ ጎረቤት ያያትን ደግሞ ለአክስት ያሻግራታል፤ ካሴቷ ሳትመለስ ትቀራለች። ብቸኛው እክል ከአሜሪካ የሚላኩ የሰርግ ካሴቶች ነበሩ። እዚያ የሚሠሩበት የምስል ሥርዓት 525 መስመር፣ የእኛው 625 መስመር ስለነበረ ሙሽራይቱ ቀለም አጥታ፣ ምስሉ ወደ ላይ እየተንከባለለ ትታያለች። ያኔ ማንም «ካሴቱ ተቆልፏል» አላለም፤ አልተቆለፈምና። አምራቾቹ ነገሩን ሳይወዱት ቀርተው አይደለም። አሜሪካ ውስጥ የፊልም ኩባንያዎች ሶኒን ቤታማክስ በሚባለው መቅጃው ምክንያት ፍርድ ቤት አቁመውት ነበር። ጉዳዩ እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ በ1984 እ.ኤ.አ. በ5 ለ 4 ድምፅ ሶኒ ረታ፤ ሰው ቤቱ ሆኖ በኋላ ለማየት ቢቀዳ ጥፋት የለውም ተባለ። በአንድ ዳኛ ድምፅ ብቻ ነው የተረፍነው።

አሁን ቴሌቪዥን ዲጂታል ሆኗል፤ ዲጂታል ነገር ደግሞ መቆለፍ ይችላል። ቁልፉ ግን አንድ አይደለም። ስልክ ደውላችሁ «ሪከርዴ አልከፍት አለ» ለሚል ሰው መልስ ለመስጠት መጀመሪያ የትኛው ቁልፍ እንደሆነ ማወቅ ያስፈልጋል።

የመጀመሪያው ጣቢያው ራሱ የሚቆልፈው ነው። የክፍያ ቴሌቪዥኖች እንዲህ ናቸው። ከሳተላይት የሚመጣው ምስል ተመስጥሮ ይመጣል፤ ሪሲቨሩ ውስጥ ያለው ካርድ እየፈታ ያሳያችኋል። የሚፈታበት ቁልፍ ደግሞ አንድ ቋሚ ቁጥር አይምሰላችሁ። በየ10 ሰከንዱ ገደማ ይቀየራል። የአንድ ሰዓት ጨዋታ ውስጥ 360 የሚያህሉ ቁልፎች አሉ ማለት ነው። መቅጃው ምስሉን ከፈታ በኋላ ከቀዳው ደህና፤ እንደተመሰጠረ ከቀዳው ግን ያለ ካርዱ ያ ፋይል የጆንያ ሙሉ አሸዋ ነው። በኳስ ሰሞን ወጣቶቹ «የቢስ ኮዱ ስንት ነው?» ሲባባሉ ሰምታችሁ ይሆናል፤ ቢስ የዚሁ ምስጠራ ቀላሉ ዓይነት ነው፣ ቁልፉ ስለማይለዋወጥ በእጅ ይጻፋል። እሱም ቢሆን ኮዱ ሳይገባ የተቀዳ ጨዋታ ተመስጥሮ እንደተቀመጠ ይቀራል።

ሁለተኛው ሪሲቨሩ ራሱ የሚቆልፈው ነው። ሰው የማይጠረጥረውም ይህንኑ ነው። ቻናሉ ነፃ ነው፣ ማንም ሳይከፍል ያየዋል፤ ግን ሳጥኑ ሲቀዳ በራሱ ቁልፍ ይቆልፈዋል። ቁልፉ ሪሲቨሩ ሆድ ውስጥ፣ ዋናው ቦርድ ላይ ተቀምጧል። ሁለት አንድ ዓይነት ሪሲቨር፣ ከአንድ ሱቅ፣ በአንድ ቀን ብትገዙ እንኳ የአንዱን ፍላሽ ሌላኛው ላይከፍተው ይችላል። ዛሬ ዛሬ ዲሹ በቀጥታ የሚሰካባቸው ቴሌቪዥኖችም ብዙዎቹ እንዲሁ ናቸው። እነሱ እንዲያውም ይብሳሉ፤ ለመቅጃ የሰጣችኋቸውን ፍላሽ ራሳቸው በሚያውቁት መንገድ ፎርማት ያደርጉታል። ከዚያ ላፕቶፕ ላይ ስትሰኩት «ይህ ዲስክ ፎርማት መደረግ አለበት፣ ይደረግ?» ብሎ ይጠይቃችኋል። «አይ» በሉ። «እሺ» ያለ ሰው ፋይሉን የቀበረው በራሱ እጅ ነው።

እኔ በሙያዬ ማርኬቲንግ ነኝ፤ ካርቶን ላይ ምን በትልቁ እንደሚጻፍ፣ ምን ጭራሽ እንደማይጻፍ የማወቅ ሥራ ነው የምበላው። የሪሲቨር ካርቶን ላይ «ይቀዳል» የሚለው ደማቅ ሆኖ ይቀመጣል። «የቀዳሁትን ግን ከእኔ በቀር ማንም አያሳያችሁም» የሚል ካርቶን እስካሁን አላየሁም። ሻጩም ብትጠይቁት አያውቅም፤ ውሸት ፈልጎ ሳይሆን፣ ሱቁ ውስጥ ፍላሽ ቀድቶ ሌላ መሣሪያ ላይ የሞከረ ሰው ስለሌለ ነው። ስለዚህ ልትገዙ ስትሄዱ ፍላሽ ይዛችሁ ሂዱ። አንድ ደቂቃ ቅዱበት፣ ከዚያ ሱቁ ውስጥ ባለ ሌላ መሣሪያ ወይም በያዛችሁት ላፕቶፕ ክፈቱት። ሻጩ ፊቱን ቢያጠቁርም አንድ ደቂቃ ናት።

ሦስተኛው ቁልፍ አይደለም፤ አለመግባባት ነው። ርካሾቹ ሪሲቨሮች ሲቀዱ አንድ ፕሮግራም አንድ ፋይል አያደርጉትም። ፍላሹን ላፕቶፕ ላይ ስትከፍቱት እንደ «አሊዲቪአርኤስ 2» ያለ እንግዳ ስም የያዘ ፎልደር ታገኛላችሁ፤ ውስጡ ደግሞ በቀንና በሰዓት የተሰየሙ ሌሎች ፎልደሮች፣ በእነሱም ውስጥ 000፣ 001 እያሉ የሚሄዱ ቁርጥራጮች አሉ። መጨረሻቸው ላይ «ቲኤስ» የሚል ካለ ደስ ይበላችሁ። ያ ፋይል ከሳተላይት እንደወረደ የተቀመጠ ነው። አጠገቡ ያለችው ትንሿ «ዲቪአር» የምትባለው ፋይል ማውጫ ናት፤ ሪሲቨሩ ይፈልጋታል፣ ላፕቶፑ ግን አያስፈልጋትም። የቴሌቪዥኑ ማጫወቻ እምቢ ያለውን ቪኤልሲ የሚባለው ነፃ ፕሮግራም አብዛኛውን ጊዜ ይከፍተዋል። የሚቆራረጠውም በፍላሹ ምክንያት ነው፤ ፋት 32 በሚባለው መንገድ ፎርማት የተደረገ ፍላሽ ከ4 ጊጋባይት የሚበልጥ አንድ ፋይል መያዝ አይችልም።

ታዲያ የእናንተ ከሦስቱ የትኛው ነው? ቪኤልሲ ራሱ ይነግራችኋል። ፋይሉን ክፈቱበት። ካሳየ ነገሩ አልቋል። ካላሳየ ግን ወዲያው አትዝጉት፤ ከታች የሰዓቱ ቁጥር ይሄዳል ወይ? መረጃው ውስጥ የቻናሉ ስም ይታያል ወይ? ሰዓቱ እየሄደ፣ የቻናሉ ስም እየታየ ምስሉ ጥቁር ከሆነ፣ ብዙውን ጊዜ ከጣቢያው ተመስጥሮ የመጣ ነው። ምክንያቱ ደስ የሚል ነው። የዲጂታል ቴሌቪዥን ምስል 188 ባይት እየሆነ በትናንሽ ጥቅል ተከፋፍሎ ነው የሚጓዘው፤ እያንዳንዱ ጥቅል ግንባሩ ላይ አድራሻና «ተመስጥሬያለሁ» ወይም «ክፍት ነኝ» የምትል ምልክት አለው። ጣቢያው ሲያመሰጥር ሆዱን እንጂ ግንባሩን አይነካም። የቻናሉን ስም የያዙትም ጥቅሎች ክፍት ሆነው ይመጣሉ። ልክ በፖስታ እንደታሸገ ደብዳቤ፣ ከማን እንደሆነ ታነባላችሁ፣ ምን እንደሚል ግን አታውቁም። ቪኤልሲ ጭራሽ ምን እንደሆነ እንኳ ካልለየው፣ ሰዓትም ስምም ከሌለው፣ ሪሲቨሩ ራሱ ፋይሉን ከእግር እስከ ራሱ ቆልፎታል ብላችሁ ጠርጥሩ።

ይህን ሁሉ ያወቅኩት ከመጽሐፍ አይደለም። ዘመዶቼ ያሉት ከላላ ነው፣ ደቡብ ወሎ፤ ከደሴ በአቀስታ በኩል ወደ መካነ ሰላም የሚወስደውን መንገድ የሚያውቅ ያን የደጋ ብርድ ያውቀዋል። የአባቴ ታላቅ ወንድም እዚያ አገር አስታራቂ ነበር። የመሬት ወሰን፣ የውርስ ነገር፣ ባልና ሚስት፣ ምንም ይሁን እሱ ካልተቀመጠ አያልቅም። አንድ የቴሌቪዥን ጣቢያ ለበዓል ስለ ወሎ ሽማግሌዎች ዝግጅት ሲሠራ መጥቶ ቀረፀው። ከሌሎች ሁለት ሽማግሌዎች ጋር ተቀምጦ፣ ቡና እየተፈላ፣ 11 ደቂቃ ያህል ይታያል። መጨረሻ ላይ ይመርቃል፤ የተቀመጠው ሁሉ «አሚን» ይላል። የአጎቴ ልጅ ሲተላለፍ በፍላሽ ቀዳው፤ ቤተሰቡ በዚያው ሪሲቨር አምስት ስድስት ጊዜ አየው፣ ፍላሹም ብፌው መሳቢያ ውስጥ ገባ።

አጎቴ በዓመቱ አረፈ። ከእሱ የቀረን ፎቶ ብዙ ነው፤ ድምፅ ግን የለንም። ስልክ ላይ የተቀዳ አንድም ነገር አልተገኘም፤ የእሱ ትውልድ ስልክ ሲያወራ ይጮኻል እንጂ ድምፅ አይልክም። ለሰደቃው የሚሰበሰበው ዘመድ እንዲያየው ፍላሹ ሲፈለግ፣ ሪሲቨሩ ከወራት በፊት መብራት ሄዶ ሲመጣ ተቃጥሎ በአዲስ ተቀይሮ ነበር። አዲሱ ላይ ተሰካ፤ አልከፍትም አለ። ፍላሹ አዲስ አበባ እኔ ዘንድ መጣ። ላፕቶፔ ላይ ቪኤልሲ ሰዓትም አላሳየ፣ ስምም አላሳየ። ሦስት ኮምፒውተር ቤት ታየ፤ ሦስቱም «ተበላሽቷል» አሉ፤ አንደኛው ፎርማት አድርጎ «ሪከቨር» ሊያደርገው ፈልጎ ነበር። እኔን የገረመኝ ግን ሌላ ነገር ነው። ጣቢያው ነፃ ነው። ይህን ፕሮግራም የቆለፈው ማነው? ጣቢያው አይደለም፤ ክፍያም የለውም። የቀረው ያ የተቃጠለው ሳጥን ብቻ ነው።

ከላላ ደወልኩ። «ያን የተቃጠለውን ሪሲቨር ምን አደረጋችሁት?» አክስቴ እንደ ወሎ ሴት ምንም አትጥልም፤ ጓዳ ውስጥ፣ የጤፍ ጆንያ ላይ ተቀምጧል አለችኝ። የአጎቴ ልጅ ይዞት መካነ ሰላም ወረደ። እዚያ ያለው ጥገና ቤት የሚሠራው ልጅ ክዳኑን ከፍቶ ሲያየው የተቃጠለው ኃይል ማስገቢያው ቦርድ ነበር፤ ሁለት ኮንደንሰሮች አናታቸው አብጦ እንደ ዳቦ ተነፍተዋል፣ ፊውዙም ሄዷል። ዋናው ቦርድ፣ ቁልፉ የተቀመጠበት፣ ደህና ነው። ኮንደንሰሮቹን ከሌላ ከሞተ ሪሲቨር አውጥቶ ለወጠለት። መብራቱ በራ። ፍላሹ ተሰካ። ከፈተ።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ተደስቶ ያቆማል፤ እኛ አላቆምንም። አንዴ የተቃጠለ ሳጥን እንደገና ይቃጠላል። ፋይሉ አሁንም ተቆልፎ ነው ያለው፤ ያ ሳጥን ሲያሳየው ግን ተፈትቶ ነው የሚያሳየው። ስለዚህ የምንቀዳው ፋይሉን ሳይሆን ማሳየቱን ነው። ሪሲቨሩ ጀርባ ላይ ቢጫ፣ ነጭ፣ ቀይ መሰኪያዎች አሉ፤ ቢጫው ምስል፣ ነጭና ቀዩ ድምፅ ነው። ከእነዚህ ገመዶች ተቀብላ ላፕቶፕ ውስጥ የምታስገባ፣ ፍላሽ የምታህል ትንሽ መሣሪያ አለች፤ ቪዲዮ ካፕቸር ይሏታል። መካነ ሰላም ስላልተገኘች ከደሴ በሚኒባስ ሹፌር እጅ ተላከች። የላፕቶፑ ባለቤት እዚያው መቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲ የሚማር የጎረቤት ልጅ ነው። መጀመሪያ ሲቀዱት ምስሉ መጣ፣ ድምፁ ግን አልመጣም፤ ነጩ ገመድ ላልቶ ኖሯል። ሁለተኛ ጊዜ መጣ። 11 ደቂቃውን ለመቅዳት 11 ደቂቃ ይፈጃል፤ በዚህ መንገድ ማፍጠን የለም፣ ተቀምጦ ማየት ነው። አክስቴ ከኋላ ቆማ አየችው። ምርቃቱ ላይ ታለቅሳለች ብለው ጠብቀዋት ነበር። እሷ ግን «ይህን ጫፉ የተቀደደ ጋቢ ቀይር ብዬው ነበርኮ፤ በአገር ቴሌቪዥን!» አለች። ማልቀሱ ማታ ነው የመጣው።

ይህ መንገድ ለነፃ ቻናል፣ ለቤት ጉዳይ ይሠራል። ጥራቱ ዝቅ ይላል፤ በቢጫው ገመድ የሚወጣው ምስል 720 በ576 ነጥብ ነው፣ ኤችዲ አይደለም። ለፊት ገጽታና ለድምፅ ግን ይበቃል። ኤችዲኤምአይ የሚባለው ወፍራሙ ገመድ የተሻለ ምስል ቢያወጣም የራሱ መቆለፊያ ስላለው ካፕቸር ላይ ጥቁር ሊሆንባችሁ ይችላል።

«ሕጉስ?» የሚል አንባቢ አይጠፋም። የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 አንቀጽ 9 ላይ፣ ግለሰብ ለግል ጉዳዩ ብቻ ለሕዝብ ከቀረበ ሥራ አንድ ቅጂ ቢያባዛ የመብቱ ባለቤት ሊከለክለው እንደማይችል ይናገራል። አንድ ቅጂ፣ ለራስ። ይህ ማለት ድራማ ቀድቶ በፍላሽ መሸጥ፣ ቴሌግራም ላይ መልቀቅ ወይም ካፌ ውስጥ አስከፍሎ ማሳየት ማለት አይደለም፤ የክፍያ ቴሌቪዥንን ምስጠራ ለመስበር መሞከርም ሌላ ጉዳይ ነው፣ እኔም እዚህ ዓምድ ላይ አላስተምርም። በክፍያ ቴሌቪዥን የቀዳችሁት ጨዋታ ከካርዱና ከዲኮደሩ ጋር የተጋባ ነው። ፋይሉን ወደ ሌላ ሃርድ ዲስክ ገልብጣችሁ ለማየት ከመድከማችሁ በፊት ይህን እወቁት። ዲኮደር ስትቀይሩም የድሮውን ቅጂ አብራችሁ ትወስዳላችሁ ብላችሁ አትጠብቁ፤ ከመቀየራችሁ በፊት ጠይቁ፣ ያልታየ ነገር ካለ ቁጭ ብላችሁ እዩት።

በነገራችን ላይ ነፃ ቴሌቪዥንን መቆለፍ የእኛ ርካሽ ሳጥኖች ፈጠራ አይመስላችሁ። ብሪታንያ ውስጥ ፍሪቪው የሚባለው ነፃ የኤችዲ ስርጭት ሲጀመር ቅጂ የሚገድብ ዘዴ እንዲኖረው ተደርጓል፤ ተቆጣጣሪው ኦፍኮም በ2010 እ.ኤ.አ. ፈቅዶታል። ከዚያ ወዲህ ለንደን ያለ ዘመዳችሁም የቀዳው ፋይል ወደ ፍላሽ ሲገለበጥ ተመስጥሮ ሊወጣበት ይችላል። ያ ዘመድ «ከዚህ ጥሩ መቅጃ ልላክልህ» ቢላችሁ፣ መጀመሪያ ነገር የእንግሊዝ የምድር ስርጭት መቅጃ ለዲሽ አይሆንም፤ ሁለተኛ ደግሞ ችግሩ አብሮ ይላካል።

አሁን መቅጃ ያለው ቤት ምን ያድርግ? ሪሲቨራችሁ ሜኑ ውስጥ የመቅጃው ክፍል ግቡና «ሪከርድ ታይፕ» ወይም የሚመስለውን ፈልጉ፤ «ቲኤስ» እና «ፒኤስ» የሚሉ ምርጫዎች ካሉ «ቲኤስ» አድርጉት። ስለ ምስጠራ የሚጠይቅ መስመር ካለ አጥፉት፤ ሁሉም ሪሲቨር ላይ ግን አይገኝም። ይህ ለወደፊት ለሚቀዳው ነው፣ የተቆለፈውን አይከፍትም። የሀገር ውስጥ ቻናሎች ከናይልሳት ወደ ኢትዮሳት ሲዛወሩ ስንቱ ቤት ሳህኑን ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ ሲያዞር፣ አብሮ ሪሲቨሩን እንደቀየረ አስታውሱ። ያኔ የተጣሉት ሳጥኖች ስንት ቤት ስንት ፍላሽ ቆልፈው እንደሄዱ እኔንጃ።

መብራት ስለሚሄድባችሁ ፕሮግራም ደግሞ ብዙ አትጨነቁ። ስልካችሁ የሚቀርፀው ኤምፒ 4 ፋይል ማውጫው የሚጻፈው አብዛኛውን ጊዜ መጨረሻ ላይ ስለሆነ ባትሪው መሐል ላይ ከሞተ አይከፈትም። «ቲኤስ» ግን እያንዳንዷ ጥቅል ራሷን የቻለች ናትና፣ መብራት እስከሄደበት ደቂቃ ያለው ይታያል። ሪሲቨሩ «ፋይሉ የለም» ቢል እንኳ ላፕቶፕ ላይ ፈልጉት። መብራቱ ሲመለስ ግን የሚመጣው ኃይል ነው ሳጥኑን የሚገድለው። ቀድታችሁ ስትጨርሱ ከሶኬት ንቀሉት፤ ስታቢላይዘር ካላችሁ ፍሪጁን ብቻ አትጠብቁበት።

የተቃጠለ ሪሲቨር ያላችሁ፣ ፍላሹም እጃችሁ ላይ ካለ፣ ሳጥኑን ለቆራሊዮ አትስጡ። ጠጋኙ ዋናውን ቦርድ ከመቀየሩ በፊት ኃይል ማስገቢያውን ብቻ እንዲያይ ንገሩት፤ ዋናው ቦርድ ከተቀየረ ቁልፉም አብሮ ሊሄድ ይችላል። ሶፍትዌር «አዲስ ልጫንበት» ካለም እስኪከፈት ይቆይ በሉት፤ ወደ ፋብሪካ ሁኔታ መመለስም እንዲሁ ይቆይ። ፍላሹ ላይ ሌላ ነገር አትጻፉበት።

ሳጥኑም ከጠፋ፣ ዋናው ቦርድም ከሞተ፣ ያ ፋይል በቤት ደረጃ አይከፈትም። «እከፍተዋለሁ፣ ቅድሚያ ክፈል» የሚላችሁን ሰው መጀመሪያ አንድ ደቂቃ አሳየኝ በሉት። ያኔ የሚቀረው ጣቢያው ነው። ፕሮግራሙ የተላለፈበትን ቀን፣ ሰዓትና የፕሮግራሙን ስም ጽፋችሁ፣ ከቤተሰቡ የማን ፊት እንደሚታይበት ገልጻችሁ በደብዳቤ ጠይቁ። ቀኑን ካላወቃችሁት ፍላሹ ያውቀዋል፤ የማይከፈተው ፋይል ወይም ፎልደሩ ስሙ ላይ የተቀዳበትን ቀንና ሰዓት ጽፎት ሊሆን ይችላል። ፎልደሩን ስትከፍቱ ግን ሪሲቨሩ ሰዓቱ የፈረንጅ እንደሆነ አትርሱ፤ 20 ካለ ከምሽቱ 2 ሰዓት ነው።